እግዜር ተቆጥቶኛል ብላችሁ ለቀራችሁ፦ ወደ ንስሐ እንዴት ትመለሳላችሁ?

እናቴ ክፉ ወሬ በሰማች ቁጥር የምትላት አንዲት ነገር አለች። «መዓቱን በምሕረት፣ ቁጣውን በትዕግሥት ይመልስልን።» ጎርፍ ሲሆን፣ መኪና ሲገለበጥ፣ ጎረቤት ድንገት ሲሞት፣ ሁሌም ይቺው ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻታለሁ፤ ያሰብኩባት ግን ዘግይቼ ነው። እናቴ ቁጣውን የምትፈራው አምላክና ምሕረቱን የምትለምነው አምላክ አንድ ነው። ከሚቆጣው ሸሽታ ሌላ ዘንድ አትሄድም። ወደዚያው ወደሚቆጣው ነው የምትሮጠው።

እኔ ግን ሸሸሁ። ሰባት ዓመት። ከአንድ ወዳጄ ጋር በሽርክና ስንሠራ ከድርሻው 42,000 ብር በላሁበት። በልቼም ዝም አልኩ። በዚያው ዓመት እናቴ ታመመች፤ እኔም ሁለቱን ወዲያው አገናኘሁና «በቃ፣ እግዜር ተቆጥቶኛል» አልኩ። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማለፍ ግድ ሲሆንብኝም ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አማትቤ፣ ፈጠን ብዬ አልፋለሁ፤ አንድ ሰው ስሜን ጠርቶ የሚያስቆመኝ ይመስለኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ማዶ ማዶውን ለምታልፉ ነው። ያደግኩት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ስለሆነ የምናገረው የማውቀውን የንስሐ መንገድ ነው። ፕሮቴስታንት ወይም ካቶሊክ ለሆናችሁ ስለ ንስሐ አባትና ስለ ቀኖና የምለው በእናንተ ቤት ሌላ መልክ ይኖረው ይሆናል፤ ስለ ቁጣውና ስለ ፍቅሩ የምለው ግን ሁላችንም ከምናነበው መጽሐፍ ነው።

መከራውንና ጥፋቱን ለያዩ

ወረቀት ውሰዱና መሐሉ ላይ መስመር አስምሩ። በአንዱ በኩል የደረሰባችሁን ጻፉ፦ በሽታው፣ ከሥራ መባረሩ፣ የፈረሰው ትዳር፣ የተከለከላችሁት ቪዛ። በሌላው በኩል እናንተ ያደረጋችሁትን ጻፉ። ከዚያ ሁለቱን በቀስት አታገናኙ። እኔ ሰባት ዓመት የኖርኩት ያንን ቀስት ሳሰምር ነው።

ከራሴ አምጥቼ አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ኃጢአት የሠራው ማን ነው፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጌታን ሲጠይቁት፣ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ነው ያላቸው (ዮሐንስ 9)። በሰሊሆም ግንብ ተንዶ 18 ሰው በገደለ ጊዜም፣ ከኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ እነሱ የባሱ በደለኞች ስለነበሩ ይመስላችኋል ወይ ብሎ ራሱ ጠየቀ፣ ራሱም አይደለም አለ። ቀጥሎ ግን ንስሐ ካልገባችሁ ሁላችሁም ትጠፋላችሁ አለ (ሉቃስ 13)። ልብ በሉ፤ የግንቡን መውደቅ ከሟቾቹ ኃጢአት ጋር አላያያዘውም፤ ንስሐን ግን ከማንም ጫንቃ ላይ አላወረደም።

የኢዮብን ወዳጆች ደግሞ ተመልከቱ። እነሱም ከእሱ አጠገብ ቁጭ ብለው ቀስት ሲያሰምሩ ነው የከረሙት፤ «ይህ ሁሉ የደረሰብህ ብትበድል ነው» እያሉ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ቁጣዬ ነደደ ያለው በእነሱ ላይ ነው (ኢዮብ 42፡7)። እኔ ይህን ቁጥር ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ ያገኘሁ መሰለኝ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን በመስመሩ ላይ እጠፉትና ለሁለት ቅደዱት። የደረሰባችሁን የያዘው ግማሽ የልቅሶና የጸሎት ነው፣ እሱን በጓዳችሁ ለእግዚአብሔር ንገሩት። ለኑዛዜ ይዛችሁት የምትሄዱት ሌላውን ግማሽ ብቻ ነው።

ቁጣው ስለ ማን እንደሆነ ጠይቁ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ የሁሉም ነገር መፍቻው ያለው እዚህ ስለሚመስለኝ።

«እግዚአብሔር ኃጢአትን ይጠላል፣ ኃጢአተኛን ይወዳል» የሚለውን ሁላችንም እንለዋለን። ውሸት አይደለም። ግን አንዳንዴ ነገሩን ቶሎ ለመገላገል ነው የምንጠቀምበት። መዝሙር 5ን ክፈቱ፤ ዳዊት እግዚአብሔር ዓመፃ አድራጊዎችን ሁሉ ይጠላል ይላል። ዓመፃውን ብቻ አይልም፣ አድራጊዎቹን ነው የሚለው። ይህን ቃል እንዳላየ አልፎ የሚገኝ ሰላም ብዙ አያስኬድም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ሌሊት ላይ ይፈርሳል።

ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጠይቁ። የተቆጣው ስለ ማን ብሎ ነው?

ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት መጥቶ ስለ ሁለት ሰዎች ሲያወራው ታስታውሳላችሁ (2ኛ ሳሙኤል 12)። አንዱ ብዙ በግና ላም ያለው ሀብታም ነው፣ ሌላው ከአንዲት ታናሽ በግ በቀር ምንም የሌለው ድኻ። በጊቱ ከልጆቹ ጋር አድጋለች፣ ከእንጀራው ትበላለች፣ እቅፉ ውስጥ ትተኛለች። ሀብታሙ እንግዳ ሲመጣበት የራሱን ትቶ የድኻውን በግ አርዶ አቀረበ። ዳዊት ይህን ሲሰማ ነደደ፣ ይህን ያደረገ ሰው ሞት ይገባዋል አለ። የማን ታሪክ እንደሆነ ገና አላወቀም። እስቲ እናንተም ታሪኩን አንብቡና ልባችሁን አድምጡት፤ ትቆጣላችሁ። የምትቆጡት ሀብታሙን ስለምትጠሉ ሳይሆን ድኻው ስላሳዘናችሁ ነው። ዳዊት ካልተቆጣ ለድኻው ልብ የለውም ማለት ነበር።

እንግዲህ ወደ ራሴ ልምጣ። ያ የበላሁት ብር ወዳጄ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ሊከፍልበት ያሰበው ነበር። ሰውየው ሌሊት ተነስቶ «አየኸኝ ወይ?» ብሎ ለአምላኩ ሲነግር፣ አምላኩ ምን እንዲለው ነው የምፈልገው? «ግድ የለም፣ የበላህንም እወደዋለሁ» ብቻ? እንዲህ የሚል አምላክ እኔን ይወደኝ ይሆናል፣ ወዳጄን ግን አይወደውም። ኦሪት ዘጸአት 22 ላይ መበለቲቱንና ድኻ አደጉን አታስጨንቁ፣ ወደ እኔ ቢጮኹ እሰማለሁ፣ ቁጣዬም ይጸናል የሚለው ለዚህ ነው። ያዕቆብም በመልእክቱ በምዕራፍ 5 የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል ይላል። ቤት ሠራተኛዋን ደመወዟን ከልክሎ ያባረረ ሰው እግዚአብሔር እንዳይቆጣበት ሲመኝ፣ ለልጅቷ ማንም እንዳይቆምላት እየተመኘ ነው።

ፍቅሩ ታዲያ ለእኔ የት አለ? ጳውሎስ ሮሜ 5 ላይ ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞተ ይላል፤ ሁለት ቁጥር ዝቅ ሲል ደግሞ ቃሉን ያከብደውና ጠላቶች ሳለን ይላል። ከተሻሻልን በኋላ አይልም፣ ካሰብንበት በኋላ አይልም። የወዳጄን ብር በልቼ ማዶ ማዶውን ስሄድ ለነበርኩት ለዚያ ሰው ነው የሞተለት። ቁጣው የእውነት ነው፣ ሞቱም የእውነት ነው፤ አንዱን ለማመን ሌላውን ማሳነስ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሮሜ ምዕራፍ 1 የእግዚአብሔር ቁጣ ከሰማይ ይገለጣል ብሎ ይጀምርና፣ ቁጣው ምን እንደሆነ ሲያሳይ መብረቅም እሳትም አያነሳም። «አሳልፎ ሰጣቸው» ነው የሚለው፣ ያውም ሦስት ጊዜ። የፈለጋችሁትን አድርጉ ብሎ መተው። እኔን የሚያስፈራኝ ቁጣ እሱ ነው። ስለዚህ የሠራችሁት ነገር አሁንም የሚቆረቁራችሁ፣ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ፣ አልተዋችሁም።

አሁን ያንን ግማሽ ወረቀት አውጡና ከእያንዳንዱ ጥፋት አጠገብ የተጎዳውን ሰው ስም ጻፉ። አንዳንዱ ላይ የራሳችሁ ስም ይመጣል። አንዳንዱ ላይ እግዚአብሔር ብቻ። ብዙው ላይ ግን የምታውቁት ሰው ስም ይወጣል፣ ስልኩም እጃችሁ ላይ አለ።

ትንቢተ ዮናስን በአንድ ቁጭታ አንብቡ

4 ምዕራፍ፣ 48 ቁጥር ነው፤ ቡና እስኪፈላ ያልቃል። በጾመ ነነዌ ሦስት ቀን በቤተ ክርስቲያን ይነበባል። ጾሙ ሰኞ ገብቶ ረቡዕ ያበቃል፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው፤ መግቢያው ከጥር 17 አይቀድምም፣ ከየካቲት 21 አያልፍም። ጊዜውን መጠበቅ ግን አያስፈልግም፣ ዛሬ ማታም ይነበባል።

ስታነቡ የዓሣው ነገር አይያዛችሁ፣ ሁላችንም የምናስታውሰው እሱን ብቻ ነው። ምዕራፍ 3 ላይ ቁሙ። የዮናስ ስብከት «ነነዌ ትገለበጣለች» ብቻ ነው፤ «ንስሐ ብትገቡ ግን» የሚል የለበትም። ግን የቀን ቀጠሮ አለው፤ አርባ ቀን። ሊያጠፋ የቆረጠ ቀጠሮ አይሰጥም። ንጉሡም ይህን ያሸተተ ይመስላል። ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ ለብሶ አመድ ላይ ተቀመጠ፣ ሕዝቡም በእጁ ካለው ግፍ ይመለስ ብሎ አዋጅ አስነገረ፤ ከዚያ «ማን ያውቃል?» አለ። ዋስትና አልያዘም። «ማን ያውቃል» ብቻ ይዞ ነው የወረደው። እናንተም ከዚያ የበለጠ እርግጠኝነት እስክታገኙ አትጠብቁ።

ከዚያ ምዕራፍ 4። የተቆጣው ዮናስ ነው! ከተማዋ ዳነች ብሎ ሞት ተመኘ። አንተ ቸር፣ ይቅር ባይ፣ ታጋሽ እንደሆንክ አውቄ ነው የሸሸሁት ይላል። እግዚአብሔር ቅል አብቅሎ አስጠለለው፣ በማግስቱ ትል ልኮ አደረቃት፤ ለቅሊቱ ሲያዝን ጊዜ ጠየቀው፦ አንተ ላልደከምክባት ቅል ካዘንክ፣ እኔ ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች፣ ብዙ እንስሶችም ላሉባት ከተማ አላዝንም? መጽሐፉ በዚህ ጥያቄ ያልቃል። እንስሶቹን እንኳ ቆጥሯቸዋል።

የሚመለሰውን መልሱ

ይህን ክፍል ሰው ይዘለዋል። ዘኬዎስ ግን አልዘለለውም፤ ጌታ ቤቱ በገባ ቀን የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃስ 19)። ወደ ንስሐ አባታችሁ ስትሄዱ የሰው ገንዘብ ኪሳችሁ ውስጥ ካለ ቀድመው የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።

በአንዴ መመለስ ካልቻላችሁ በወር በወር ጀምሩ። እኔ ለወዳጄ ደውዬ «የበላሁብህን ብር ልመልስ ነው» ስለው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እየሰማሁህ ነው» አለ፣ ሌላ ምንም አላለም። በወር 3,500 እየላክሁ በ12 ወር ጨረስኩ። ይቅርታ ማለት ከተሳናችሁ በጽሑፍ አድርጉት። ሌላውን ሰው የሚያፈርስ ምስጢር ከሆነ ግን (ትዳር ውስጥ ያለ ጉዳይ በተለይ) ተቻኩላችሁ ለማንም አትንገሩ፤ ቀድማችሁ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ምከሩ።

ደጁ ላይ ስትደርሱ

የቤተሰብ የንስሐ አባት ካለ ከእሳቸው ጀምሩ። ካፈራችሁ ሌላ መያዝ ይቻላል። ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ሲወጡ ጠብቁ፣ ወይም የደብሩን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ቀድሞ ማስጠናት የለም፤ መጀመሪያ የምትሉት «አባ ይፍቱኝ» ነው። «እግዚአብሔር ይፍታህ»፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይላሉ፣ መስቀሉን ትሳለማላችሁ። ቀጥሎ «ንስሐ ልገባ ፈልጌ ነው፣ ብዙ ዓመት ሆኖኛል» በሉ። ይበቃል፣ የቀረውን እሳቸው ይመሩታል።

ስትናዘዙ አጭር አድርጉት። የሠራችሁትን በስሙ ጥሩት፤ «ትንሽ ተሳስቼ ነበር» አይደለም፣ «ሰረቅሁ» ነው። የሌሎችን ጥፋት አታስገቡ። ብታለቅሱም ችግር የለም፣ እንባ ባይመጣም ችግር የለም። የሰሙትን ለማንም እንዳያወጡ ቤተ ክርስቲያን አጥብቃ ታዝዛቸዋለች።

እኔ ስሄድ የነበረኝን ላውራችሁ። ወረቀቱን አልቀደድኩትም ነበር፣ ያን ጊዜ ማንም አልነገረኝም፤ በመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሁሉንም ደባልቄ ጽፌዋለሁ። ግቢው ውስጥ ካለች ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አነበብኩላቸው። ስለ እናቴ ሕመም ስደርስ አስቆሙኝ። «ሐኪም ምን አለ?» አሉኝ። «ስኳር ነው» አልኳቸው። «እንግዲያው እናትህ የታመመችው ስኳር ይዟት ነው» አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ «የሰውየው ብር ግን ሌላ ነው ልጄ። እሱን ተቆጥቶሃል። መልስ።»

በሰባት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን የቀለለኝ ቀን የለም። ተቆጥቶሃል ተብዬ!

ቀጥሎ ደረሰኙን ተቀብለው ደቃቅ አድርገው ቀደዱት፣ ብጣሹን ሰብስበው መልሰው መዳፌ ላይ አደረጉት። «ቤትህ ስትደርስ አቃጥለው» አሉኝ። ብጣሹ እስከ ቤት ድረስ በላብ እጄ ላይ ተጣብቆ ነበር።

አረብ አገር ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ እሁድ መውጣት እንደማይፈቀድላችሁ አውቃለሁ። መዝሙር 50ን (በሌላው አቆጣጠር 51 ነው) በየማታው ጸልዩ፤ ዳዊት ናታን ከገሠጸው በኋላ የጸለየው፣ «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለው። አገር ቤት ላሉት አባታችሁ ደውሉና ያላችሁበትን ሁኔታ ንገሯቸው፣ ደጁን እስክትረግጡ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ይመክሯችኋል። መውጣት አለመቻላችሁን እንደ ኃጢአት አትቁጠሩት።

ቀኖናው

ጾም ሊሆን ይችላል፣ ስግደት፣ ዳዊት መድገም፣ ምጽዋት። የኃጢአት ዋጋ እየከፈላችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ዋጋው መስቀል ላይ ተከፍሏል። ቀኖና መድኃኒት ነው፣ እንደ በሽተኛው አቅም ነው የሚሰጠው። ሕመም ካለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ሥራችሁ ሌሊት ከሆነ እዚያው ተናገሩ፣ ያስተካክሉታል። እሁድ የንስሐ ስግደት የለም፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናትም እንዲሁ።

ቁጣና ፍቅር አንድ ላይ ምን እንደሚመስሉ በዓይኔ ያየሁት በስቅለት ማታ ነው። ቀኑን ሙሉ ተሰግዶ ሲያልቅ ሕዝቡ ካህናቱ ፊት ይሰለፋል። ካህኑ ቅጠል ያለበት የወይራ ዝንጣፊ ይዘዋል። ጎንበስ ትላላችሁ፣ ጀርባችሁን መታ መታ ያደርጓችኋል፣ የምትሰግዱትን ቁጥር ይነግሯችኋል። በዚያው በመቱበት እጅ ይባርካሉ። አያምም። ቅጠሉ ነጠላው ላይ ኮሽ ሲል ነው የሚሰማው። ከፊቴ የነበሩ አንዲት አሮጊት «ትንሽ ጨምሩልኝ አባቴ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ቀኖናችሁን ስትጨርሱ ሄዳችሁ ንገሯቸውና ስለ ቅዱስ ቁርባን ጠይቁ። ከመቁረብ በፊት 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መከልከል አለ፤ የቀረውን ዝግጅት እሳቸው ይነግሯችኋል። ብዙ ሰው ተናዝዞ እዚህ ላይ ይቀራል፣ «እኔ አይገባኝም» ብሎ። የሚገባው ማን ነው?

ፍርሃቱ ሲመለስ

ይመለሳል። በሁለተኛው ሳምንት፣ ወይም ልጅ ሲያተኩሰው፣ ወይም ያንኑ ኃጢአት ስትደግሙት። በዚያች በአንዲት ሌሊት ሁለት ደቀ መዛሙርት ጌታን እንደ በደሉት አስቡ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ አላውቀውም አለ፣ ይሁዳ ሸጠው። ሁለቱም ተጸጸቱ፤ ይሁዳ እንዲያውም 30ውን ብር መልሷል (ማቴዎስ 27)። ይሁዳ ግን ጸጸቱን ይዞ ወደ ካህናት አለቆች ሄደ፣ እነሱም «እኛስ ምን አግዶን» አሉት። ጴጥሮስ አልቅሶ ከወንድሞቹ ጋር ቆየ፣ ትንሣኤውም እዚያው አገኘው። ስትፈሩ ለብቻችሁ አትቀመጡ።

እኔም ደግሜ ወድቄያለሁ። ገንዘብ ባይሆንም ሌላ ነገር፣ ዓመት ሳይሞላ። ሦስት ሳምንት ማዶ ማዶውን ሄድኩ። በአራተኛው እሁድ ያችው ዛፍ ሥር አገኘኋቸው፣ ሌላ ሰው ተናዝዞ ሲነሳ። አዩኝ። ምን እንደምል ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ አግዳሚው ጫፍ ጠጋ አሉና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

«አባ ይፍቱኝ» አልኩ።